ምዕራፍ 7፦ ዎከር መራመድ ያስተምራል?

ባለፈው ምዕራፍ የሕፃን እጅ ዕቃ መጨበጥን የሚማረው ደጋግሞ በመሳት እንደሆነ አይተናል። እጁን ይልካል፣ ይስታል፣ አንጎሉ የሳተበትን ርቀት ይመዘግባል፣ ቀጥሎ ሲልከው ትንሽ ያስተካክላል። ይህ ምዕራፍ ያንኑ ሐሳብ ከእጅ ወደ እግር ያወርደዋል። መነሻችን በብዙ የከተማ ቤት ሳሎን ውስጥ የምናገኘው ዎከር ነው፦ ከሥሩ ትንንሽ ጎማዎች የተገጠሙለት ሰፊ የፕላስቲክ ቀለበት፣ መሐሉ ላይ ሁለት እግር የሚያስወጣ የጨርቅ መቀመጫ፣ ፊት ለፊቱ መብራትና ሙዚቃ ያላቸው መጫወቻዎች የተደረደሩበት ትንሽ ጠረጴዛ። ገና መዳህ ያልጀመረ የስድስት ወር ልጅ እዚያ ላይ ሲቀመጥ እግሩ መሬት ይነካል፣ ሲገፋም ክፍሉን ያቋርጣል።

ወላጆች ዎከር የሚገዙት ለልጃቸው በማሰብ ነው፤ የሚያቀርቡትም ምክንያት ብዙውን ጊዜ ሦስት ነው። ልጁ ቶሎ እንዲሄድ፣ ደስ እንዲለው፣ የእናትም እጅ እንዲፈታ። ሁለተኛውና ሦስተኛው እውነትነት አላቸው። ሕፃናት ዎከር ይወዳሉ፤ ሕፃን በደስታ ሲንቀሳቀስም ወጥ የምትሠራ እናት እፎይ ትላለች። የመጀመሪያው ግን ስሕተት ነው፤ እኔም በዚህ ምዕራፍ የምሟገተው እሱን ነው። በዎከር ላይ የሚቀርቡት ሁለት ክሶች፣ መራመድን ያዘገያል የሚለውና ለአደጋ ያጋልጣል የሚለው፣ አብዛኛውን ጊዜ እንደተለያዩ ጉዳዮች ይነገራሉ። እኔ ግን ሥራቸው አንድ ነው እላለሁ፤ ዎከር ሕፃኑን ያስኬደዋል፣ ነገር ግን እንቅስቃሴን ከሚገዛው ችሎታ አፋቶ ነው።

ለመራመድ እግር ብቻ አይበቃም

አዲስ የተወለደ ሕፃን ብብቱን ይዘው እግሩን ጠንካራ ነገር ላይ ቢያሳርፉት፣ አንዱን እግር ካንዱ እያፈራረቀ የሚራመድ ይመስላል። ይህ እንቅስቃሴ ሁለት ወር አካባቢ ሲሆነው ይጠፋል። ለረጅም ጊዜ ሐኪሞች አንጎሉ ሲበስል የሚጠፋ የልደት ምላሽ ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኤስተር ቴለን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ እንቅስቃሴው የጠፋባቸውን ሕፃናት እግራቸውን ውሃ ውስጥ አድርገው ያዟቸው። ውሃው የእግራቸውን ክብደት ሲያቀልላቸው እርምጃው ተመለሰ። ችሎታው አልጠፋም ነበር፤ እግሩ ከጡንቻው ጉልበት ቀድሞ ወፍሮ ከብዶት ነበር እንጂ። እንግዲህ እግርን ማፈራረቅ ሕፃኑ ከእናቱ ማኅፀን ይዞት የሚመጣው ነገር ነው። ዓመት የሚያስጠብቀው ሌላ ችሎታ ነው ማለት ነው።

ያ ሌላ ችሎታ ሚዛን ነው። ቆመን ስንራመድ በእያንዳንዱ እርምጃ ለቅጽበት በአንድ እግር ብቻ እንቆማለን። በዚያች ቅጽበት የዳሌ ጎን ጡንቻዎች ወገባችን ወዳልተደገፈበት በኩል እንዳይዘም ይይዙታል፤ የሆድና የጀርባ ጡንቻዎች ግንዱን ያቀናሉ፤ ቁርጭምጭሚት ወደፊትና ወደኋላ ጥቃቅን ማስተካከያ ያደርጋል። እነዚህን ሁሉ የሚያስተባብረው ከራስ ቅላችን በስተኋላ በታች በኩል ያለው ታናሹ አንጎል ነው። ሥራውም ከባለፈው ምዕራፍ ትምህርት የተለየ አይደለም፦ አንድ እንቅስቃሴ ምን ስሜት እንደሚያመጣ አስቀድሞ ይገምታል፤ ከዚያ በምዕራፍ 3 ያየነው የውስጠኛው ጆሮ የሚዛን አካል፣ የእግር ጫማ ቆዳና ዓይን የሚልኩለትን ከግምቱ ጋር ያነጻጽራል፤ ልዩነቱን ይዞ ቀጣዩን እርምጃ ያርማል። ልዩነት ከሌለ የሚታረም ነገር የለም። የማይንገዳገድ ልጅ አንጎሉ ስለመንገዳገድ የሚያውቀው ነገር አይኖርም።

ሕፃናት ይህን ትምህርት የሚወስዱበት ብዛት ያስደንቃል። በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የምትሠራው ካረን አዶልፍና ባልደረቦቿ በ2012 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት ከ12 እስከ 19 ወር ዕድሜ ያላቸው ሕፃናት እንደልባቸው ሲጫወቱ በሰዓት በአማካይ 2,368 እርምጃ ተራምደዋል፤ 17 ጊዜም ወድቀዋል። በሰዓት አሥራ ሰባት ጊዜ! እኛ "ወፌ ቆመች" እያልን የምናጨበጭብለት ልጅ ቀኑን ሙሉ እየወደቀ እየተነሳ ነው የሚውለው። አወዳደቁ ደግሞ ከቁመቱ የማይበልጥ ነው፤ ጉልበቱን ያጥፋል፣ በመቀመጫው ወይም በእጁ ያርፋል፣ ተነስቶ ይቀጥላል። ይህ ውድቀት ከትምህርቱ ተነጥሎ የሚወጣ አይደለም።

ነዳጅ ብቻ የተሰጠው ተማሪ

አሁን መኪና መንዳት የሚማር ሰው እንውሰድ። አስተማሪው መሪውን ራሱ ይዞ፣ ፍሬንና ፍሪሲዮኑንም ራሱ እየረገጠ፣ ለተማሪው የነዳጁን ፔዳል ብቻ ቢተውለት መኪናው ይሄዳል። ተማሪው ወር ሙሉ በከተማው ሲዘዋወር ሊከርም፣ እየነዳሁ ነው ብሎም ሊደሰት ይችላል። የተማረው ግን ነዳጅ መርገጥን ብቻ ነው። ኩርባ ሲመጣ መሪውን ምን ያህል እንደሚያዞር፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን መቼ እንደሚነካ እጁም እግሩም አያውቁትም፤ ሲሳሳት የሚያርመው ሌላ ስለሆነ ስሕተቱ ለእሱ ደርሶት አያውቅምና።

ዎከር ላይ ያለ ሕፃን ይህ ተማሪ ነው። ሚዛኑን ሰፊው ቀለበት ይዞለታል። ክብደቱን የጨርቁ መቀመጫ ተሸክሞለታል። ወደ ግራ ቢያዘም ቀለበቱ ያቆመዋል፤ ወደፊት ቢያጋድል ጠረጴዛው ደረቱን ይደግፈዋል። ለእሱ የቀረለት መግፋት ብቻ ነው። እግሩን ቀረብ ብሎ ላስተዋለው ነገሩ ግልጽ ነው። ተረከዙ ብዙውን ጊዜ መሬት አይነካም፤ በጣቶቹ ጫፍ ወለሉን ወደኋላ እየገፋ ይንሸራተታል። ሁለቱም እግሮቹ በአንድ ጊዜ ሲገፉም ይታያል፤ ይህም ማፈራረቅ እንኳ አይደለም። በሚራመድ ሰው ላይ ተረከዝ ቀድሞ ያርፋል፣ ክብደት ከተረከዝ ወደ ጣት ይሸጋገራል፣ ዳሌ በአንድ እግር ላይ ይረጋል። እዚህ ግን ዳሌው ተንጠልጥሏል፤ የዳሌ ጎን ጡንቻው ሥራ ፈቷል። "እግሩ ይጠነክርለታል" የሚባለው አባባል በከፊል ልክ ነው፤ የሚጠነክሩት ግን የሚገፉት ጡንቻዎች ናቸው። ለመቆም የሚፈለጉት የሚይዙት ናቸው።

ዓይንም የራሱ ድርሻ አለው። ፊት ለፊቱ ያለው ጠረጴዛ ሕፃኑ የገዛ እግሩን እንዳያይ ይጋርደዋል። መሬት ላይ ያለ ሕፃን እግሩ ሲንቀሳቀስ እያየ፣ ያየውን ከተሰማው ጋር ያገናኛል። ዎከር ላይ ያለው እግሩ የት እንዳረፈ የሚነግረው ዓይን የለውም።

የተለካው መዘግየት

ይህ ሁሉ ግምት ሆኖ እንዳይቀር የተለካውን እንይ። በ1999 (እ.ኤ.አ.) ሲገልና በርተን የተባሉ ተመራማሪዎች በ109 አሜሪካውያን ሕፃናት ላይ ያደረጉት ጥናት ታተመ። ዎከር የተጠቀሙት ካልተጠቀሙት ይልቅ ዘግይተው ተቀምጠዋል፣ ዘግይተው ድኸዋል፣ ዘግይተውም ሄደዋል፤ በዕድገት መመዘኛ ፈተናም ያነሰ ውጤት አግኝተዋል። በ2002 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የወጣው ከአየርላንድ የ190 ወላጆችን መልስ የሰበሰበ ጥናት ደግሞ መጠኑን አስልቷል፦ ሕፃኑ ዎከር ላይ ባሳለፈው በእያንዳንዱ ድምር 24 ሰዓት ለብቻው መራመዱ 3.3 ቀን፣ ለብቻው መቆሙ 3.7 ቀን ወደኋላ ገፍቶ ተገኘ። በቀን አንድ ሰዓት ለሦስት ወር የተጠቀመ ልጅ በዚህ ስሌት የሚዘገየው ሁለት ሳምንት እንኳ የማይሞላ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን ያስፈልጋል። ሁለቱም ጥናቶች ያዩት ወላጆች በራሳቸው ምርጫ ያደረጉትን ነው፤ ዎከር የገዙ ቤተሰቦች በሌላም ነገር ሊለዩ ይችላሉ። በ1982 የታተመ አንድ የመንትዮች ጥናት አንደኛውን መንታ በዎከር አስቀምጦ፣ ሌላውን ከልክሎ፣ በሚሄዱበት ዕድሜ ላይ ልዩነት አላገኘም። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ያደረገው ሰፊ ክትትልም ጤነኛ ሕፃናት ለብቻቸው መሄድ የሚጀምሩት ከ8.2 እስከ 17.6 ወር ባለው ሰፊ ጊዜ ውስጥ መሆኑን አሳይቷል። በዚህ ስፋት ውስጥ የሁለት ሳምንት መዘግየት የማንንም ዕድሜ አያበላሽም። ስለዚህ "ልጅሽ በዎከር ምክንያት ሽባ ይሆናል" ብሎ እናትን ማስፈራራት ሐሰት ነው፤ ጎረቤት "ልጄ በዎከር አድጎ እንደማንኛውም ልጅ ይሮጣል" ስትልም እውነቷን ነው። ማስረጃው የሚያፈርሰው ሌላውን እምነት ነው። ዎከር ልጅን ቀድሞ ያስኬዳል የሚለውን ከእነዚህ ጥናቶች አንዱም አልደገፈውም። ቢበዛ ምንም አይጨምርም፤ ባይሆን ትንሽ ይቀንሳል። የተገዛበት ዋና ምክንያት ይህ ከነበረ ደግሞ ምክንያቱ ወድቋል።

ፍርሃት ያለ ፍሬን

ለዎከር ከሚቀርቡት መከራከሪያዎች ጠንካራው ከሥነ ልቡና የመጣ ነው። ጆሴፍ ካምፖስና ባልደረቦቹ በ1992 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ሥራ መዳህ ያልጀመሩ፣ ነገር ግን በዎከር የተንቀሳቀሱ ሕፃናትን ፈትነዋል። ከሥሩ ጥልቅ ጉድጓድ የሚታይበት ጠንካራ መስተዋት ላይ ዝቅ ሲያደርጓቸው የልብ ምታቸው ጨመረ፤ የፍርሃት ምልክት ነው። ምንም ዓይነት የመንቀሳቀስ ልምድ የሌላቸው እኩዮቻቸው ግን እንዲህ ያለ ፍርሃት አላሳዩም። እንግዲህ በራስ ፈቃድ መንቀሳቀስ፣ በዎከርም ቢሆን፣ ሕፃኑ ከፍታን እንዲገነዘብ ያግዘዋል ማለት ነው። ይህን መካድ አያስፈልግም። ነገር ግን መዳህም ይህንኑ ግንዛቤ ይሰጣል፤ ያውም ከነ መቆሚያው።

መቆሚያ ያልኩት ለምን እንደሆነ አዶልፍ ካገኘችው ሌላ ውጤት ይገባናል። በ2000 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ጥናት የዘጠኝ ወር ገደማ ሕፃናትን ክፍተት ጫፍ ላይ አስቀምጣ ማዶ ያለ መጫወቻ አሳየቻቸው። መቀመጥን በሚገባ የለመዱት ሕፃናት ተቀምጠው ሲሞክሩ ሊደርሱበት የሚችሉትንና የማይችሉትን ርቀት ለይተዋል። እነዚያው ሕፃናት ገና በጀመሩት የመዳህ አኳኋን ያንኑ ክፍተት ሲገጥሙ ግን ዘው ብለው ገቡበት፤ የሚይዛቸው ሰው አጠገባቸው ነበር። በአንድ አኳኋን የተማሩት ጥንቃቄ ወደ ሌላው አልተሻገረም። ሚዛን ከእያንዳንዱ አኳኋን ጋር አዲስ ሆኖ መማር ካለበት፣ በዎከር የጠፋው ሰዓት የሚያስተምረው ዎከርን ብቻ ነው፤ ልጁ ከወጣበት ቀን ጀምሮ የማይፈልገውን አኳኋን።

የአደጋው ነገር የሚገባን አሁን ነው። ዎከር ላይ ያለ ሕፃን በአንድ ሴኮንድ አንድ ሜትር ገደማ ሊሄድ ይችላል። ጫፉን ቢያይ፣ ልቡም ቢመታ፣ የሚይዘው ፍሬን የለውም፤ የመኪናው ተማሪ ቢያንስ አጠገቡ አስተማሪ ነበረው። የአንድ ጎማ ከደረጃ ጫፍ መውጣት ይበቃል። ራሱ ከመላ አካሉ አንጻር ትልቅና ከባድ ስለሆነ በራሱ ይደፋል፤ እጁን ዘርግቶ፣ ጉልበቱን አጥፎ እንዳያርፍ ደግሞ ቀለበቱ አስሮታል፣ የዕቃውም ክብደት አብሮት ይወርዳል። ከላይ ያየነው በሰዓት 17 ጊዜ የሚደርሰው ውድቀትና ይህ አወዳደቅ በስም ካልሆነ አይገናኙም።

በአሜሪካ ከ1990 እስከ 2014 (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ ከ15 ወር በታች የሆኑ 230,676 ያህል ሕፃናት ከዎከር ጋር በተያያዘ ጉዳት ድንገተኛ ክፍል ታክመዋል። ከመቶው ከ90 በላይ የተጎዱት ራሳቸውን ወይም አንገታቸውን ነው። ከመቶ 74ቱ የወደቁት ከደረጃ ላይ ነበር። ተኝተው ከታከሙት መካከል ከመቶ 38 ያህሉ የራስ ቅላቸው ተሰብሮ ነበር።

"አጠገቡ ሆኜ ብጠብቀውስ?"

ይህ ጥያቄ ከሁሉ በላይ የሚሰማና መልስ የሚገባው ነው። በኦሃዮ ግዛት አንድ የሕፃናት ሆስፒታል በዎከር ተጎድተው የመጡ 271 ሕፃናት ታሪክ ተመርምሮ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። ከመቶ 78ቱ አደጋው ሲደርስ የሚጠብቃቸው ሰው ነበራቸው፤ ከመቶ 69ኙን የሚጠብቀው አዋቂ ሰው ነበር። እናት ወጥ ለማማሰል ፊቷን ስታዞር የሚያልፈው ሦስት ሴኮንድ ነው። በሦስት ሴኮንድ ሦስት ሜትር ይኬዳል። ከእጇ የራቀውን ልጅ ሮጣ ለመያዝ የምትችል እናት የለችም፤ ስለዚህ አደጋው ሲደርስ ቸልተኛ ነበረች ብሎ መውቀስ ሁለት ጊዜ መበደል ነው።

"ታዲያ ዕቃው ይሻሻል" የሚለውም አሳማኝ ሐሳብ ነው፤ ተሞክሮም ረድቷል። አሜሪካ ውስጥ በ1997 በወጣ መመዘኛ ዎከሮች ከተለመደው በር የሰፉ እንዲሆኑ ወይም ጎማ ከደረጃ ጫፍ ሲወጣ ወለሉን ነክሶ የሚያስቆም ላስቲክ እንዲኖራቸው ተደረገ። በ1990 ዓመታዊው ጉዳት 20,650 ነበር፤ በ2003 ወደ 2,001 ወረደ። ትልቅ ውጤት ነው። ሆኖም ጥቅም በሌለው ዕቃ ምክንያት በዓመት በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ድንገተኛ ክፍል መግባታቸውን የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ አልተቀበለም፤ በ2001 ጎማ ያላቸው ዎከሮች ማምረትም መሸጥም እንዲታገድ ጠይቋል። ካናዳ ከዚህ አልፋ በሚያዝያ 2004 (እ.ኤ.አ.) ሽያጩን፣ ማስገባቱንና ማስተዋወቁን በሕግ ከለከለች፤ ያገለገለውንም ጨምሮ። ቶሮንቶ ላለ ዘመድ ልጅ በሻንጣ ይዞ መሄድም አይፈቀድም።

ላስቲኩ ደረጃን እንጂ እሳትን አያስቆምም፤ በእኛ ቤት ደግሞ ትልቁ ጭንቀት እሳቱ ነው። ቡና የሚፈላው ወለል ላይ፣ ከሰል ምድጃ ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሳሎን ውስጥ ነው። የሚድህ ልጅም ወደ ምድጃው ይሄዳል፤ ግን ሲድህ እጆቹ ክብደቱን ስለያዙ አይዘረጉም፣ ፍጥነቱም ሰው ደርሶ እንዲያነሳው ጊዜ ይሰጣል። ዎከር ላይ ሁለቱም እጆቹ ነፃ ናቸው፤ ቁመቱም ጨምሯል። የረከቦቱ ስኒ፣ የጠረጴዛው ልብስ ጫፍ፣ የፈላ ውሃ የያዘው ማንቆርቆሪያ ገመድ ሁሉ እጁ ይገባሉ። በኮንዶሚኒየም በር ለአፍታ ተከፍቶ ሲቀር የጋራው ደረጃ ጥቂት እርምጃ ነው። ደረጃ በሌለው ቤት እንኳ የበሩ ደፍ አለ፤ የፊት ጎማው እሱን ሲነካ ይቆማል፣ ከላይ ያለው አካል ግን ይቀጥላል።

የእናት እጅ እንዲፈታ

የእናት ድካም እውነተኛ ነው፤ ዎከርን አስወግዱ ብሎ ዝም ማለት ሸክሙን እሷ ላይ መመለስ ነው። የሚያስፈልገው ልጁን በአንድ ቦታ የሚያቆይ ነገር ነው እንጂ በቤቱ ሁሉ የሚያሽከረክረው አይደለም። ጎማ የሌለው፣ አጥር ያለው የመጫወቻ ስፍራ ይህን ያደርጋል። የሊሾው ቅዝቃዜ ካሳሰበ ሰሌን፣ በላዩም ወፍራም ብርድ ልብስ ይበቃል፤ ምድጃ ከሌለበት ክፍል ይነጠፍ፣ በሩ ይዘጋ። እዚያ ላይ ልጁ በሆዱ ይገፋል፣ ይድሃል፣ ሶፋውን ይዞ ይቆማል፣ ሶፋውን እየተደገፈ ወደ ጎን ይሄዳል። ይህ የጎን እርምጃ ዎከር ሥራ ያስፈታውን የዳሌ ጡንቻ የሚያሠራ ነው፤ ከልምምዶች ሁሉ ውድ ነው። አንቀልባም ጊዜያዊ መፍትሔ ነው፤ መራመድን ባያስተምርም ልጁን ካለ ፈቃድ ወደ እሳት አይወስደውም፣ ምድጃ ላይ ሲሠራ ግን ማውረድ ያስፈልጋል።

ጥቂት ሕፃናት ሳይድሁ ቀጥ ብለው ቆመው ይሄዳሉ፤ በዓለም ጤና ድርጅት ክትትል ከመቶ 4 ያህሉ በእጅና በጉልበት አልዳሁም። የጎረቤት ልጅ በአሥር ወሩ ሄደ ብሎ መቸኮል አይገባም። ቤታችሁ ዎከር ካለ ግን ለእኅታችሁ ወይም ለጎረቤት አታውርሱት፤ ጎማውን አውልቃችሁ ጣሉት። 18 ወር ሞልቶት ለብቻው የማይሄድ፣ ወይም ሲሄድ ሁልጊዜ በጣቱ ጫፍ የሚረግጥ፣ ወይም አንዱን የአካሉን ጎን ብቻ የሚጠቀም ልጅ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ለእንዲህ ያለ ልጅ ዎከር መግዛት ምርመራውን ያዘገያል፤ ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።